የዴሊቨሪ ሮቦት ሰፈራችሁ ሲገባ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃንዋሪ 2019 ላይ በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ25 በላይ ትንንሽ ነጫጭ ሮቦቶችን ወደ ግቢው አስገባ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስድስት ጎማ፣ ከላይ የሚከፈት ክዳን፣ ከኋላ የቆመች ብርቱካናማ ባንዲራ። ተማሪው በስልኩ ቡና ወይም ፒዛ ያዛል፣ የማድረሻ ይከፍላል (ያኔ 1.99 ዶላር ነበር)፣ ሮቦቱ በእግረኛ መንገድ እየተንከባለለ ያመጣለታል።

ሰሜን ቨርጂኒያ የሐበሻ አገር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ አካባቢ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉን። በመኪናቸው ምግብ እያደረሱ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩም እንዲሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ይመለከተናል።

ከዚያ ወዲህ ሮቦቶቹ ብዙ ከተማ ገብተዋል። አንዳንድ ቦታ ተስፋፍተዋል፣ አንዳንድ ቦታ ተከልክለዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ድምፃቸውን አጥፍተው ቀርተዋል። ነገሩን ስከታተል የቆየሁ ሰው ነኝ። እስካሁን እንዳየሁት አብዛኛው ችግር የሚመጣው የእግረኛ መንገድን ማንም የማይጠቀምበት ትርፍ ቦታ አድርጎ ከማሰብ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ግን የልጅ ጋሪ የሚገፋ አለ፣ ዱላ ይዞ የሚሄድ ዓይነ ስውር አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን በዝግታ የምትመለስ እናት አለች። ቀጥሎ የማነሳቸው ስህተቶች የከተማ አስተዳደሮችም፣ የምግብ ቤቶችም፣ የእኛ የተራ ሰዎችም ናቸው።

ሮቦቱ ብቻውን ነው የሚሄደው ብሎ ማሰብ

ሲያዩት ማንም የማይነዳው ይመስላል። በእርግጥ ካሜራና ሌሎች ሴንሰሮች አሉት፣ የሰፈሩን ካርታ አስቀድሞ ይዟል፣ በለመደው መንገድ ላይ ራሱን ይመራል። ግራ ሲገባው ግን ሰው ያስፈልገዋል። ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰራተኛ በሮቦቱ ካሜራ እያየ ያሻግረዋል። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ይሠሩ የነበሩትን የኪዊቦት ኩባንያ ሮቦቶች የሚከታተሉት ሰዎች የነበሩት ኮሎምቢያ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኮኮ የተባለ ኩባንያ ደግሞ ከመነሻው ሮቦቶቹን ከርቀት በሰው ነው ያስነዳው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ጥፋት ሲፈጠር ነው። ሴፕቴምበር 2022 ላይ ሆሊውድ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተኩስ አለ ተብሎ ፖሊስ መንገዱን ዘጋ። ጥሪው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በመሃሉ ግን አንድ የሰርቭ ኩባንያ ሮቦት ምግብ እንደያዘ መጣና ፖሊስ በቢጫ ፕላስቲክ በከለለው ቦታ መሃል ለመሃል አልፎ ሄደ። እዚያ የቆመ ሰው ፕላስቲኩን ከፍ አድርጎ አሳለፈው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ ሰውም በሮቦቱ ሳቀ። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው ግን በዚያ መስቀለኛ መንገድ እንዲያልፍ የወሰነው ከርቀት ይቆጣጠረው የነበረ ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ ሮቦት እግራችሁን ቢገጫችሁ ወይም መኪናችሁን ቢፍቅ "ማሽን ነው፣ ምን ይደረግ" የሚል መልስ አትቀበሉ። ያሰማራው ኩባንያ አለ። በዚያች ደቂቃ በካሜራው ያይ የነበረ ሰውም ሊኖር ይችላል።

ራምፑ ላይ ሲቆም ዝም ብሎ ማለፍ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

ኦክቶበር 2019፣ ፒትስበርግ ከተማ። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ የዶክትሬት ተማሪ ፎርብስ አቬኑ የሚባለውን ሰፊ መንገድ በመብራት ታቋርጣለች። ማዶ ስትደርስ ከአስፋልቱ ወደ እግረኛ መንገዱ በምትወጣበት ራምፕ (ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ተዳፋት) ላይ አንድ የዴሊቨሪ ሮቦት ቆሟል። እሱም ለመሻገር እየጠበቀ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢሆን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ጠርዙን ይወጣል። ለእሷ ያለው መውጫ ግን ያ ራምፕ ብቻ ነው። መብራቱ ሊቀየር ነው፣ እሷ ያለችው አስፋልት ላይ ነው። በግድ ዊልቸሩን ጠርዙ ላይ ገፍታ ወጣች። የደረሰባትን ራሷ በይፋ ተናገረች፤ ጻፈችም። ዩኒቨርሲቲው ሙከራውን ለጊዜው አቆመ።

ልብ በሉ፣ ሮቦቱ አልተበላሸም ነበር። ማንንም አልገጨም። ቆሞ መጠበቅ ነበረበት፣ ቆሞ ጠበቀ። የጠበቀበት ቦታ ግን ለአንዲት ሰው የመንገዱ ብቸኛ በር ነበር። ኩባንያዎች የአደጋ ቁጥር ሲያወሩ እንዲህ ያለው ነገር የትም አይመዘገብም። ግጭት የለም፣ ጉዳት የለም፣ ሪፖርት የለም።

ስፋቱን ደግሞ እናስላው። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከ1990 ጀምሮ አለ። በሕጉ መሠረት በወጣው መለኪያ አንድ መተላለፊያ ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። ጆርጅ ሜሰን የገባው፣ ስታርሺፕ የተባለው ኩባንያ ሮቦት ወርዱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚተርፈው 34 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ዊልቸር አያልፍም፣ መንታ የልጅ ጋሪም አያልፍም። ይህ እንግዲህ መንገዱ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የወደቀ ስኩተር ሳይኖር ነው።

ሮቦት ራምፕ ዘግቶ ካያችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱንና መንገዱን መዝግቡ፣ ለኩባንያውም ለከተማውም አሳውቁ። የሚቸገር ሰው አጠገቡ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሰውየውን እርዱ፤ ሮቦቱ ይቆየዋል። የከተማ ወይም የግቢ ኃላፊ ከሆናችሁ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ይህ ሮቦት መብራት ሲጠብቅ የት ነው የሚቆመው? የመቆሚያ ቦታው በካርታው ላይ ከራምፑ ውጭ ካልተወሰነ አታስገቡት።

እዚያ ከሠራ እዚህም ይሠራል ማለት

የስታርሺፕን ስኬት የሚያወሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት ከተማ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ ያለው ሚልተን ኪንስ። ከ2018 ጀምሮ ሮቦቶቹ እዚያ ከሱፐርማርኬት አስቤዛ ወደየቤቱ ያደርሳሉ። በኮቪድ ጊዜ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ግን ሚልተን ኪንስ እንዴት ያለ ከተማ ነው? በ1960ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው በእርሻ መሬት ላይ በፕላን የተጀመረ አዲስ ከተማ ነው። ከመኪና መንገዱ የተለየ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ሰፊ የመተላለፊያ መረብ አለው። ሮቦቱ ብዙውን መንገድ ከማንም ጋር ሳይጋፋ ይሄዳል። ያንን ሮቦት ከምድር ባቡር ጣቢያ ሰው በሚጎርፍበት የመሃል ከተማ መንገድ ላይ ስታኖሩት ሌላ ታሪክ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ይህን ቀድማ አየች። ዲሴምበር 2017 ላይ የከተማዋ ምክር ቤት ጥብቅ ገደብ ጣለ፦ ለአንድ ኩባንያ ሦስት ሮቦት፣ በከተማው በጠቅላላ ዘጠኝ፣ ፍጥነት በሰዓት 3 ማይል፣ ቅርብ ሆኖ የሚከታተል ሰው፣ ያውም እግረኛ በማይበዛባቸው የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ብቻ። ቶሮንቶ በ2021 መጨረሻ ከእግረኛ መንገዶቿ ከለከለቻቸው። ጥያቄውን የገፉት የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉ ወገኖች ናቸው። ሁለቱንም ከተሞች "ቴክኖሎጂ ጠል" ያላቸው ሰው ነበር። እኔ ግን የራሳቸውን መንገድ በደንብ የሚያውቁ ከተሞች ናቸው እላለሁ።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች አይቶ "እዚህማ ይሄዳል" የሚል ሰው አይጠፋም። ዋናው ጎዳና ላይ ምናልባት ይሄድ ይሆናል። ደንበኛው ያለው ግን ዋናው ጎዳና ላይ አይደለም። ከኮብልስቶኑ ገባ ብሎ፣ የቤት ቁጥር በሌለበት፣ "ከሱቁ ጀርባ ሰማያዊው በር" የሚባልበት ነው። ሞተረኛው ደውሎ ይጠይቃል፣ ያገኛል።

ወጡን እንደ ፒዛ ማሸግ

ይህ ለምግብ ቤቶቻችን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ "ትንሿ ኢትዮጵያ" አለች፤ በዚያች ከተማ ደግሞ ሮቦት መንገድ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ኦርደሩን ሮቦት ይወስደዋል ሲባል ብዙ ሰው አስተሻሸጉን አይቀይርም። ችግሩ እዚያ ይጀምራል።

ፒዛ በካርቶኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል። ወጥ ፈሳሽ ነው። ስታርሺፕን የመሰለው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ጠርዝ ሲወጣ የፊት ጎማዎቹን ያነሳና መላ አካሉ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሲወርድ በተቃራኒው ይደፋል። እንዲህ እያለ አምስትና ስድስት መንገድ ይሻገራል። በስስ ፕላስቲክ ክዳን የተከደነ ሽሮ ከዚያ በኋላ የት እንደሚገኝ መገመት አያስቸግርም። ሰው ቢሆን ከረጢቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከፈሰሰም ያያል። ሮቦቱ አያውቅም።

ስለዚህ ወጡን ጠምዝዞ በሚዘጋ ዕቃ አድርጉት፤ እስከ አፉ አትሙሉት። በያይነቱ ከሆነ እያንዳንዱን በትንንሽ ዕቃ ለዩት። እንጀራውን በደንብ ጠቅልላችሁ በዕቃዎቹ መሃልና ዳር ሽጉጡት፤ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ከትኩስ ወጥ ጋር በአንድ ከረጢት አፍናችሁ ግን አትዝጉት፤ እንፋሎቱ ያረጥበውና ሲያነሱት ይበጣጠሳል። ትልቅ ትሪ የሚፈልግ የአምስት ሰው ማዕድ ደግሞ ለሮቦት አይሆንም፤ የትንንሾቹ ሮቦቶች ጭነት 10 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሆዳቸውም ጠባብ ነው። እንዲህ ያለውን ለሹፌር ስጡ።

ሰዓቱንም አስሉ። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሮቦት ሦስት ኪሎ ሜትር ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ መብራት ላይ የሚቆመውን ሳንጨምር። ቀይ ወጥ ይህን ይችላል። ጥብስና ክትፎ አይችልም። በአፑ ላይ የትኛው ምግብ በሮቦት እንደሚሄድ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ምረጡ።

ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ መጠበቅ

አጭር ነው። ሮቦቱ ደረጃ አይወጣም፣ የሕንፃችሁን በር አይከፍትም፣ ደውሎ "የትኛው በር ነው?" አይልም። ሎኬሽኑን የእግረኛ መንገድ የሚደርስበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ደረሰ ሲላችሁ ውረዱ፣ ክዳኑን በስልካችሁ ክፈቱ፣ አውጥታችሁ ዝጉት። የሚጠብቀው ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው። ለመውረድ ለሚቸገሩ አባትና እናት ከሩቅ ሆናችሁ የምታዙ ከሆነ ሰው የሚያደርሰውን ምረጡ። በርካሽ አገኘሁ ብሎ አንድ የሰማንያ ዓመት ሰው በብርድ ደረጃ እንዲወርዱ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

መምታት፣ ማንሳት፣ ልጅ ማስቀመጥ

በሮቦት የተናደደ ሰው አንድ እርግጫ ሲሰነዝር አይታችሁ ይሆናል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ርግጫው ኩባንያውን አያሳስበውም፣ ሕግ ፊት ደግሞ የሰው ንብረት ማበላሸት ነው። ልጆችን ፎቶ ለማንሳት ላዩ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው። ሮቦቱ ሳይታሰብ ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀሰውም ወደ መኪና መንገድ ሊሆን ይችላል።

በረዶ ወይም ጭቃ ይዞት ጎማው ሲሽከረከር ካያችሁ ትንሽ ገፋ ማድረግ ደግነት ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ከመሬት ማንሳት ግን ሌላ ነው፤ የሚሰርቀው የመሰለው ሮቦት ሳይረን ያሰማል።

ጭስ ካያችሁ ራቁ። ዲሴምበር 2018 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ የኪዊቦት ሮቦት በእሳት ተያይዞ ነደደ። ኩባንያው እንዳለው ምክንያቱ ብልሽት ያለበት ባትሪ በስህተት መገጠሙ ነው። አንድ ሰው በእሳት ማጥፊያ አጠፋው፣ የተጎዳ ሰው የለም። የሊቲየም ባትሪ እሳት ግን ጭሱም መርዝ ነው፣ ጠፋ ካሉት በኋላም መልሶ ሊነሳ ይችላል። ምግቤ ውስጡ ነው ብላችሁ እንዳትጠጉ።

ካሜራውን መርሳት

ካሜራ የሌለው ሮቦት መንገድ ማየት አይችልም። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለፈ ሁሉ አይቷችኋል። በ2023 ሰርቭ አንዱ ሮቦት ሊሰረቅ ሲል የቀረጸውን ቪዲዮ ለሎስ አንጀለስ ፖሊስ መስጠቱ ተዘግቧል። ቪዲዮው ሌባ ለመያዝ መዋሉን ማንም አይጠላም። ጥያቄው ሌላው ቪዲዮ ነው። በደጃችሁ በቀን ሃያ ጊዜ የሚያልፍ ካሜራ የቀረጸው ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ለማን ይሰጣል? ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝም ይሰጣል? የሰፈር ስብሰባ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ጠይቁ።

ሹፌሩን ነገ ሥራ ያጣል፣ ወይም ምንም አይነካውም ማለት

ስለ ሮቦት ሲነሳ ወገኖቻችን በሁለት ጫፍ ይከራከራሉ። አንዱ "አለቀልን" ይላል፣ ሌላው "አሻንጉሊት ነው" ይላል።

አለቀልን ለሚለው፦ አማዞን ስካውት የሚባል ሮቦቱን ጃንዋሪ 2019 በዋሽንግተን ስቴት ጀመረ፣ ኦክቶበር 2022 የመንገድ ላይ ሙከራውን አቆመ። ፌዴክስም ሮክሶ የሚለውን ሮቦቱን በዚያው ወር ተወው። ገንዘብም መሐንዲስም ያልቸገራቸው ኩባንያዎች ናቸው። እቃ ለደንበኛ በር ማድረስ ከውጭ ሲያዩት ከሚመስለው ይከብዳል። ሹፌር ደረጃ ይወጣል፣ የበር ኮድ ያስገባል፣ ውሻ ያባብላል፣ የጠፋ ሎኬሽን ፈልጎ ያገኛል።

አሻንጉሊት ነው ለሚለው ደግሞ፦ ስታርሺፕ ጃንዋሪ 2021 ላይ አንድ ሚሊዮን ማድረሱን አስታወቀ። እነዚህ ኦርደሮች በአብዛኛው አጫጭር ናቸው፤ ከግቢ ካፌ ወደ ዶርም፣ ከሱፐርማርኬት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ሮቦቱ የሚነካው መጀመሪያ ይህንን ነው። በብስክሌት የሚሠራውንና ነዳጁን ቆጥቦ አንድ ሰፈር ውስጥ የሚሽከረከረውን ሹፌር ይጎዳዋል። ረጅም መንገድ፣ ከባድ ዕቃ፣ ከፎቅ ላይ ያለ ደንበኛ ደግሞ ገና በሰው እጅ ናቸው።

ሹፌር ከሆናችሁ የገቢያችሁ ስንት እጅ ከአጭር ኦርደር እንደሚመጣ አንድ ሳምንት መዝግባችሁ እዩ። ፍርሃቱም ልብ መጣሉም ከዚያ በኋላ ልክ ይኖረዋል። የከተማ ምክር ቤት ስለ ሮቦት ፈቃድ ሲሰበሰብም ሂዱ። የኩባንያው ተወካይ ሁልጊዜ ይገኛል፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚሠራው ሰው ካልተገኘ ሰሚው የአንድ ወገን ወሬ ይዞ ይወስናል።

ሕጉን ሳያውቁ መቅረት

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕግ የለም። ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። በ2017 ቨርጂኒያ ለእነዚህ ሮቦቶች ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ያኔ የፈቀደችው ጭነቱን ሳይጨምር እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ነበር። ፔንሲልቬኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ እስከ 550 ፓውንድ ፈቀደች። 250 ኪሎ ማለት ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 12 ማይል፣ ያውም የእግረኛ መብት ተሰጥቶት። 250 ኪሎ የሚመዝን ማሽን አብዛኛው ሰው ከሚሮጥበት ፍጥነት በላይ እየሄደ "እግረኛ" ሲባል ዝም ማለት አልችልም። ከሕጉ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰው ቢጠየቅ ኖሮ እንዲህ አይወጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቨርጂኒያው ሕግ ግን ለሌሎችም የሚበጅ ነገር አለው። ሮቦቱ ላይ የባለቤቱ ስምና መገኛ፣ እንዲሁም የራሱ መለያ ቁጥር እንዲጻፍ ያስገድዳል። ፍሬን እንዲኖረው፣ ሲመሽ መብራት እንዲኖረው ያዛል። ኩባንያው ቢያንስ የ100 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ መግባት አለበት። ስለዚህ ገጭቷችሁ ወይም ዕቃችሁን ሰብሮ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት ያንን መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ፣ የዓይን ምስክር ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ከዚያ 311 (የከተማው አስተዳደር የአቤቱታ ስልክ) ባለበት ከተማ ወደዚያ ደውሉ፣ ለኩባንያው ደግሞ በጽሑፍ አመልክቱ። የተጎዳ ሰው ካለ ሐኪም ቤት የሄዳችሁበትን ወረቀት አትጣሉ፤ ኢንሹራንሱ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።